የዘመመው ሰማዩ ነው ወይስ ጠረጴዛው?

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ከሐውልቱ ወረድ ብላ ያለች ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለን ጓደኛዬ (ፊዚክስ ተምሮ ባንክ የሚሰራ ልጅ ነው፣ ያው እንደ ብዙዎቻችን) ስልኩን ወደኔ አዙሮ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። "በዩኒቨርስ ውስጥ ትልቁ ነገር ተገኘ፣ ሳይንቲስቶች መኖር አልነበረበትም ይላሉ" ይላል። ሙዚቃው የሚያስፈራ፣ ድምፁ የሮቦት፣ ትርጉሙ የተንሻፈፈ። ነገርየው አስር ቢሊዮን የብርሃን ዓመት የሚረዝም የጋላክሲ ግድግዳ ነው፤ ስሙም ከሁለት የኮከብ ስብስቦች ተወስዶ የሄርኩለስና ኮሮና ቦሪያሊስ ታላቁ ግድግዳ ይባላል።

"እሺ፣ ግድግዳውን ማን አየው?" አልኩት።

"ሳይንቲስቶች ናቸዋ።"

"በምን አዩት?"

ማኪያቶውን ማማሰል ጀመረ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

እውነቱን ለመናገር ግድግዳውን ማንም አላየውም። የታየው 31 ነጥብ ነው፣ ከነሱ ውስጥ 14ቱ የሰማዩን አንድ ስምንተኛ በምታክል ቦታ ተሰብስበው ተገኙ፣ ከዛ ስታትስቲክስ ተሰራ፣ ከዛ ስም ወጣ፣ ከዛ ቪዲዮው ላይ ሙዚቃ ተጨመረበት። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ የሰሩት ሰዎች ስራቸውን የሚያውቁ አስትሮኖመሮች ናቸው። ግን "ተገኘ" እና "ነጥቦቹ ትንሽ ተጠጋጉብን" በሚሉት መሃል ሰፊ ሜዳ አለ፣ እኔም ዛሬ ልጽፍ የፈለኩት ስለዛ ሜዳ ነው።

ነጥብ የምላቸው የጋማ ጨረር ፍንዳታዎችን ነው። ታሪካቸው የሚጀምረው ከስለላ ነው፣ ይሄ ሁሌም ይገርመኛል። አሜሪካና ሶቪየት በ1963 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኒውክሌር በአየር ላይ፣ በጠፈርና በውሃ ውስጥ አንሞክርም ብለው ተፈራረሙ፣ አሜሪካ ግን ሶቪየትን ስላላመነች ቬላ የሚባሉ ሳተላይቶችን አመጠቀች፣ ጠፈር ላይ ተደብቆ የሚፈነዳ ቦምብ ካለ በጋማ ጨረሩ ለመያዝ። ሐምሌ 2 ቀን 1967 ላይ የሆነ ብልጭታ መዘገቡ፣ ግን የቦምብ መልክ የለውም። እያደር ሌሎችም መጡ፣ ብልጭታው አንዱ ሳተላይት ጋ ሲደርስና ሌላው ጋ ሲደርስ ያለው የሰዓት ልዩነት ሲሰላ ደግሞ ከመሬትም ከፀሐይም አይደለም። የሎስ አላሞስ (የአሜሪካ የኒውክሌር ላቦራቶሪ) ሰዎች በ1973 አስራ ስድስቱን ይዘው ለዓለም ተናገሩ። ሩሲያን ሊጠብቁ ቆመው ሰማይን ያዙ ማለት ነው።

አሁን ምን እንደሆኑ በደንብ ይታወቃል። ከሁለት ሴኮንድ በላይ የሚቆዩት አብዛኞቹ በጣም ግዙፍ ኮከብ ወደ ውስጥ ሲደረመስ የሚወጡ ናቸው፣ ከሁለት ሴኮንድ የሚያንሱት ደግሞ በአብዛኛው ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (የሞቱ ግዙፍ ኮከቦች ጥቅጥቅ ያለ ቅሪት) ሲጋጩ፤ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ላይ የስበት ሞገዱና የጋማው ብልጭታ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ልዩነት አብረው ሲደርሱ ይሄኛው በደንብ ተረጋገጠ። ይሄን እዚህ ጋ ልለፈው።

ዋናው ጥያቄ ግን ለሃያ ምናምን ዓመት "ምንድን ናቸው" ሳይሆን "የት ናቸው" ነበር። ብልጭታው መጥቶ ይጠፋል፣ ርቀቱን የሚነግርህ ነገር የለም። እዚሁ ጎረቤት ያለ ደካማ ነገር ይሁን ወይስ የዓለም ዳር ላይ ያለ ጉድ፣ አይለይም። ያለህ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ እሱም በግምት። እና ሰዎቹ አሉ፣ እሺ፣ ርቀቱን ካላወቅን አቅጣጫዎቹ ሰማይ ላይ እንዴት እንደተበተኑ እንይ፣ መበተናቸው ራሱ ይናገራል።

እንዴት ይናገራል? በአዲስ አበባ ላስረዳችሁ። ማታ እንጦጦ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እዛ ቆማችሁ ስታዩ የከተማው መብራት በሙሉ ወደ ደቡብ ነው፣ ወደ ሰሜን ዞር ስትሉ ጨለማና ባህር ዛፍ ነው። ማንም ካርታ ሳያሳያችሁ "እኔ ያለሁት ከከተማው ዳር ነው" ብላችሁ ትደመድማላችሁ። አራት ኪሎ የሆነ ረጅም ፎቅ ጣሪያ ላይ ብትወጡ ግን መብራቱ በዙሪያችሁ ነው፣ በፒያሳ በኩልም፣ በካዛንቺስም፣ በስድስት ኪሎም። የከተማው መሃል አካባቢ ናችሁ ማለት ነው። ወይም ደግሞ (ይሄን ያዙልኝ) መብራቱ ዳር የለውም ማለት ነው።

እኛ ሚልኪ ዌይ ውስጥ፣ በአማርኛ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው ጋላክሲ ውስጥ፣ ከመሃሉ ወደ 26,000 የብርሃን ዓመት ርቀን ነው ያለነው። ስለዚህ ፍንዳታዎቹ የጋላክሲያችን ነዋሪዎች ከሆኑ እንጦጦ ላይ እንደቆመ ሰው ወደ መሃሉ አቅጣጫ በዛ ብለው መታየት አለባቸው። ለዚህ የሚሰራው ቴስት ቀላል ነው፣ እንደውም የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይሰራዋል። እያንዳንዱ ፍንዳታ ከጋላክሲው መሃል አቅጣጫ ጋር የሚፈጥረውን አንግል ትወስዳላችሁ፣ ኮሳይኑን ታወጣላችሁ፣ የሁሉንም አማካይ ትሰራላችሁ። ሁሉም ወደ መሃሉ ቢሆኑ 1፣ ሁሉም በተቃራኒው ቢሆኑ ከዜሮ በታች 1፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢበተኑ ዜሮ። ዳይፖል የሚሉት ይሄን ነው። ሁለተኛው ኳድሩፖል ይባላል፣ እሱ ደግሞ ነጥቦቹ እንደ እንጀራ ጠፍጣፋ በሆነው የጋላክሲው ገጽ ላይ ተለጥፈው እንደሆነ ያጣራል።

እስከ 1991 ድረስ አብዛኛው ሰው እዚሁ ጋላክሲያችን ውስጥ ያሉ ኒውትሮን ኮከቦች ናቸው ብሎ ነበር የሚያስበው። በዛ ዓመት ሚያዝያ ላይ ኮምፕተን የሚባለው ኦብዘርቫቶሪ በአትላንቲስ መንኮራኩር ወጣ፣ በስምንት ጥጉ ላይ ባትሴ የሚባል መሣሪያ ስምንት ሆኖ ተገጥሞበታል፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢፈነዳ አንዱ ወይ ሌላው ያየዋል። ገና በ153 ፍንዳታ ላይ እያሉ በ1992 ያወጡት ውጤት ቤቱን አናጋው፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው። ቁጥሩ 1005 ሲደርስ ዳይፖሉ 0.017 ሆነ፣ ስህተቱ ሲደመር ሲቀነስ 0.018። ኳድሩፖሉ ከዜሮ በታች 0.003፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.009። ማለትም ሁለቱም ከዜሮ አይለዩም። ያ 0.018 ከየት መጣ ብትሉ ምትሃት የለውም፤ የፍንዳታዎቹን ቁጥር በሦስት አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ አንድን ለሱ አካፍሉ። ካልኩሌተራችሁ ላይ ሞክሩት፣ ይመጣል።

ግን የበለጠ ያስደነገጣቸው ሌላ ነገር ነው። መብራቱ በዙሪያችን እኩል ነው፣ እሺ፣ ግን ደብዛዛዎቹ መብራቶች ከሚጠበቀው በታች ሆኑ። ወጥ ሆኖ በተሞላና ዳር በሌለው ተራ ጠፈር ውስጥ ብትሆኑ 0.5 መምጣት ያለበት አንድ አማካይ አለ፣ እነሱ ያገኙት 0.348 ነው። ትርጉሙ፣ ርቀን ስንሄድ የሆነ ቦታ ላይ እየሳሳ ይሄዳል ማለት ነው። መሃል ላይ ነን፣ ከተማውም ዳር አለው! ኮፐርኒከስ ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መሬት እንደገና መሃል ልትሆን ነው እንዴ?

ለዚህ ሁለት መውጫ ነበር። አንደኛው ፍንዳታዎቹ ጋላክሲያችንን በጣም ሰፊ በሆነ ክብ ከበውታል፣ ክቡ ከመስፋቱ የተነሳ የኛ ከመሃል መራቅ አይታወቅም የሚል። ሁለተኛው የሉም እዚህ፣ ቢሊዮኖች የብርሃን ዓመት ርቀው ነው፣ እየሳሳ መሄዱ ዩኒቨርሱ ከመለጠጡና ዕድሜው ከመወሰኑ የመጣ ነው የሚል። ሚያዝያ 22 ቀን 1995 ዋሽንግተን ላይ አስትሮኖመሮቹ ዶናልድ ላምብ ለመጀመሪያው፣ ቦህዳን ፓቺንስኪ ለሁለተኛው ቆመው ሕዝብ ፊት ተከራከሩ፣ ማርቲን ሪስ መሃል ሆኖ። ክርክሩ በዛን ቀን አልተፈታም። የተፈታው በ1997 ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የሆላንድ ሳተላይት ከፍንዳታ በኋላ የሚቀረውን ፍም ሲያገኝ ነው፣ ግንቦት 8 ላይ ከተገኘው አንዱ ፍም ርቀቱ ተለካና ሬድሺፍቱ ቢያንስ 0.835 ሆኖ መጣ። ሬድሺፍት ማለት ብርሃኑ በጉዞው ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ በዛ ማለት ራቀ ማለት ነው። ፓቺንስኪ ልክ ነበር፤ አቅጣጫ ቆጥረው ብቻ ፍንዳታዎቹ ከዓለም ዳር ናቸው ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ። እኔ በበኩሌ ይሄን ከስታትስቲክስ ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው የምለው፣ በኛ ክፍል ግን ማንም አላስተማረንም፣ እኛ ስታትስቲክስን የተማርነው የአንድ ክፍል ተማሪዎች ቁመት አማካይ በማውጣት ነው።

ታዲያ ያው መሣሪያ እንዴት እንደሚያሳስት ደግሞ እዩት። በ1993 የመጀመሪያው የባትሴ ካታሎግ ላይ 260 ፍንዳታ ነበር፣ እና የሆኑ ሰዎች ይሄማ አንዳንዶቹ በጣም ተጠጋግተዋል፣ ከአራት ዲግሪ ባነሰ ርቀት የሚጎራበቱ በዝተዋል፣ ስለዚህ አንዱ ምንጭ ደጋግሞ እየፈነዳ ሊሆን ይችላል አሉ። ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ኮከብ ሁለቴ አይሞትም። ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 260 ነጥብ ሁለት ሁለት እየሆነ ሲጣመር 33,670 ጥንድ ይወጣዋል። የአራት ዲግሪ ክብ የሰማዩ 0.12 ፐርሰንት ብቻ ናት፣ ሁለቱን ስታባዙ ግን ምንም ነገር ሳይኖር፣ ዝም ብሎ በዕድል፣ 41 ጥንድ ጎረቤት ይጠበቃል። 41! ስለዚህ ካርታውን አይቶ "እነዚህ ሁለቱ ተጣብቀዋል" ማለት ከስኒ አንባቢ አይሻልም። ጥያቄው መሆን ያለበት ከ41 ስንት በለጠ ነው፣ እሱም የመሣሪያው የአቅጣጫ ስህተት ራሱ ብዙ ዲግሪ እየሆነ ባለበት። ካታሎጉ ሲያድግ ትርፉ አልተደገመም፣ ነገሩም በዛው ቀረ። ባትሴ በ2000 እስኪወርድ ድረስ 2,704 ፍንዳታ መዝግቧል፣ እና በጥቅሉ ሰማዩ እኩል ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው።

በ2013 ሆርቫት፣ ሃኪላና ባጎሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ርቀታቸው የታወቀ 283 ፍንዳታዎችን ወሰዱና በርቀት ቡድን በቡድን ከፋፈሏቸው፣ ከዛ እያንዳንዱ ቡድን ሰማይ ላይ እንዴት እንደተበተነ አዩ። ሬድሺፍታቸው ከ1.6 እስከ 2.1 የሆኑት 31ዱ ላይ ነው ያ 14 በአንድ ስምንተኛ የወጣው። ነገሩን ደረቅ አድርጋችሁ ብታሰሉት 31 ነጥብ በዕድል ቢበተን አንድ ስምንተኛው ላይ አራት ገደማ ነው የሚጠበቀው፣ አስቀድሞ በተመረጠ ቦታ ላይ 14 ወይም ከዛ በላይ የመውደቅ ዕድሉ ከመቶ ሺህ አንድ ያንሳል። ኃይለኛ ቁጥር ነው። ጓደኛዬም ይሄን ስነግረው "ይኸው! በራስህ አፍ!" አለ።

"አስቀድሞ በተመረጠ" የምትለውን ቃል ግን ዘለላት።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። የእማዬን ሰፌድ አወጣሁ፣ አራት ክር እያቋረጥኩ ወጥሬበት እንደ ኬክ ስምንት ቦታ ከፈልኩት፣ 31 የሽምብራ ቆሎ ቆጠርኩ፣ በሁለት እጄ አንቀጥቅጬ ከላይ በተንኩት። መጀመሪያ አንዱ ክፍል ላይ 7 ሆነ። እንደገና፣ 8 ሆነ፣ በሌላ ክፍል ላይ። አያችሁ፣ አራት ነው የሚጠበቀው፣ ግን የበዛበትን ክፍል ፈልጌ እኔ ከሆንኩ የምመርጠው ሁሌም የእጥፍ ያህል አገኛለሁ፣ ምክንያቱም ስምንት ዕድል ነው ለራሴ የሰጠሁት። ክሮቹን ደግሞ ከበተንኩ በኋላ ወደፈለኩበት ማሽከርከር ብችል፣ የክፍሉንም ስፋት ማስፋትና ማጥበብ ብችል፣ ነጮቹን ሽምብራ ለብቻ ቀዮቹን ለብቻ መቁጠር ብችል ከዛም በላይ ይወጣልኛል። ሰማዩ ላይም እንደዛ ነው፤ ክቡ የትም ሊሆን ይችላል፣ ስፋቱም ምንም ሊሆን ይችላል፣ የርቀት ቡድኑም እንደዛው። እነ ሆርቫት ይሄን ያጡታል ማለቴ አይደለም፣ እነሱም ነጥቦችን በኮምፒውተር በሺህ ጊዜ እየበተኑ ሲያወዳድሩ ነበር፣ እና ያ ከመቶ ሺህ አንድ የነበረው ዕድል ከፍ ይላል፣ የማስረጃው ጥንካሬም በጣም ይቀንሳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እነሱም የሚሉት ይቺው የቀረችው ትበቃናለች ነው።

ሦስተኛውን በተንኩ። 11 አንድ ክፍል ላይ፣ በመስኮቱ በኩል። ደነገጥኩ። አራተኛውን በተንኩ፣ 10፣ በዛው በመስኮቱ በኩል! አምስተኛውም እንደዛው። ከምኔው ነው እኔም ግድግዳ ያገኘሁት አልኩ በልቤ፣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ሳነሳ እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ ትንሽ አየችኝና፣

"ኧረ ልጄ፣ ጠረጴዛው እኮ ይዘማል፣ ሽምብራው ምን ያድርግህ" አለችኝ።

ለካ ከሁለተኛው በኋላ ሰፌዱን ወደ ብርሃን ልጠጋ ብዬ ጠረጴዛውን ሳብ አድርጌዋለሁ፣ አንዱ እግሩ ደግሞ ሴራሚኩ የተነሳበት ቦታ ላይ ገባ። የቆሎው አበታተን ላይ ችግር የለም፣ ስታትስቲክሱም ልክ ነው፣ "ይሄ በዕድል አይመጣም" የሚለው መደምደሚያም ልክ ነው። በዕድል አልመጣማ። ግን ምክንያቱ ሽምብራው አይደለም።

የፍንዳታዎቹ ጠረጴዛ ብዙ ቦታ ይዘማል። የፈነዳውን ማየትና ርቀቱን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማየቱን ሳተላይቱ ይሰራል፣ እሱም ራሱ ሁሉንም ቦታ እኩል አያይም፤ ዝቅ ብሎ የሚዞር ሳተላይት የሰማዩን ሲሶ ገደማ መሬት ትሸፍንበታለች፣ ባትሴም ለዛ ነበር ከዜሮ ጋር ሳይሆን ከተስተካከለ ዜሮ ጋር የሚወዳደረው። ይሄኛው መዝመም ቢያንስ ይታወቃል፣ ይለካል፣ ይቀነሳል። ርቀቱ ግን ከመሬት በቴሌስኮፕ ነው የሚለካው፣ ፍሙ ሳይጠፋ በሰዓታት ውስጥ ተሯሩጦ። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ፍንዳታው በፍኖተ ሐሊብ አቧራ በኩል ከመጣ ፍሙ ይደበዝዛል፣ ርቀቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ፀሐይ አጠገብ ከሆነ ቀን ስለሆነ አይታይም። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ደግሞ ቺሊ፣ ሃዋይና ካናሪ ደሴቶች ላይ ነው የተሰበሰቡት፣ በነሱ ሌሊትና በነሱ የአየር ሁኔታ ነው ነገሩ የሚወሰነው። በ2004 የወጣው ስዊፍት የተባለ ሳተላይት ካገኛቸው ፍንዳታዎች ራሱ ርቀታቸው የታወቀው ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው። ሁለት ሦስተኛው ሽምብራ ከሰፌዱ ወድቋል፣ የወደቀው ደግሞ በዕድል አይደለም።

ስለዚህ ክርክሩ አለ። በ2016 እና በ2020 የወጡ ጥናቶች ዳታውን እንደገና አይተው ይሄ በበቂ ሁኔታ የተረጋገጠ ነገር አይደለም አሉ፣ እነ ሆርቫት መለሱ፣ አልተዋጠላቸውም። በ2025 ደግሞ 542 ፍንዳታ ይዘው ተመለሱና እንደውም ከሬድሺፍት 0.33 እስከ 2.43 ድረስ የሚዘልቅ ነው፣ ካልነው ይበልጣል አሉ። አሁን እኔን ብትጠይቁኝ ዳታ ሲጨመር ነገርየው ካልጠፋ በቁም ነገር መወሰድ አለበት፣ ግን ዳታው የተጨመረው በዛው በዘመመ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ መዝመሙም አብሮ ያድጋል፣ እና ሁለቱን ለይቶ ማውጣት ነው ስራው። በ2015 ዘጠኝ ፍንዳታዎች ቀለበት ሠሩ ተብሎ የወጣው ላይ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዘጠኝ ሽምብራ ቀለበትም ይሆናል መስቀልም ይሆናል፣ እኔ አልገዛውም።

ለምን ይሄን ያህል ያጓጓል ብትሉ፣ የዘመናዊ ኮስሞሎጂ ስሌት በሙሉ የቆመው ዩኒቨርሱ በበቂ ስፋት ሲታይ በሁሉም ቦታና አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው በሚል ግምት ላይ ነው። አንድ ቢሊዮን ምናምን የብርሃን ዓመት ካለፈ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ተቦካ ሊጥ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አስር ቢሊዮን የሚረዝም ጓል ሊጡ ውስጥ ካለ ችግር ነው። ይሄ ጭንቀት ከባዶ የመጣም አይደለም፤ በ2021 ወደ 1.36 ሚሊዮን ኳዛሮችን (በጣም ሩቅ ያሉ ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶችን) የቆጠረ ጥናት ዳይፖሉ ከእኛ እንቅስቃሴ ከሚጠበቀው እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል፣ ጽናቱም 4.9 ሲግማ፣ ማለትም በዕድል የመምጣቱ ነገር እጅግ ትንሽ ነው። እኛ በሴኮንድ 370 ኪሎ ሜትር እየተጓዝን ስለሆነ ከፊታችን ያለው ሰማይ ላይ ትንሽ በዛ ብሎ መታየቱ ይጠበቃል፣ ግን እጥፍ አይጠበቅም። እሱ ላይ የጋማ ፍንዳታዎች ምስክር መሆን ይችላሉ ወይ? አይችሉም፣ ገና ናቸው። ያ የስኩዌር ሩት ነገር ነዋ፤ ስህተቱን በአስር ለማሳነስ ፍንዳታውን በመቶ ማብዛት አለብህ። ፍንዳታ ደግሞ በቀን አንድ ገደማ ነው የሚያዘው፣ አስር ሺህ እንኳን ለማጠራቀም ወደ ሃያ ሰባት ዓመት ይጠይቃል፣ የሚፈለገው ግን ከዛም ብዙ እጥፍ ነው። በ2024 ጥር ላይ የቻይናው አይንስታይን ፕሮብ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ የቻይናና የፈረንሳዩ ኤስቮም ወጥተዋል፣ ያግዛሉ፣ ግን ስኩዌር ሩትን የሚያሸንፍ ሳተላይት የለም።

እዚህ ጋ ስለ እንጦጦ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ መብራት ለማየት ብቻ ሳይሆን ማለቴ ነው። እዛ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን በዓመት ውስጥ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ከሞላ ጎደል እናያለን፣ ሃዋይም ቺሊም እንደዚህ አይመቻቸውም። ክረምት ላይ ደመናው አያስጠጋም፣ የከተማው መብራትም በየዓመቱ ወደ ላይ እየወጣበት ነው፣ የሩቅ ፍም ስፔክትረም (ብርሃኑን በቀለም ከፋፍሎ ርቀቱን ለመለካት) ለማውጣት ደግሞ አንድ ሜትር ትንሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን ለጠረጴዛው መዝመም መፍትሄው ቴሌስኮፕ በተለያየ ቦታ መኖሩ ነው፣ በበጋ ሌሊት ደማቅ ፍም እያሳደዱ "እዚህ አቅጣጫ ላይ አለ" ብሎ ለትልልቆቹ መጠቆም ራሱ አንድ ስራ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ እዛው ካፌ ተገናኘን። የሰፌዱን ነገር ነገርኩት፣ ሳቀ፣ ግን አልተረታም፣ "የናትህ ጠረጴዛ ስለዘመመ ግድግዳው የለም?" አለኝ፣ ልክ ነው፣ እንደዛማ አይባልም። ስለዚህ እንወራረድ አልኩት። የካፌውን ደረሰኝ ገልብጠን ጀርባው ላይ ጻፍን፦ ከዛሬ ጀምሮ ሬድሺፍታቸው ከ1.6 እስከ 2.1 የሚሆኑ አዳዲስ 31 ፍንዳታዎች ይቆጠራሉ፣ በዛው በድሮው ክብ ውስጥ ስንቱ ይወድቃል? ክቡን ማንቀሳቀስ የለም፣ ማስፋት የለም። እሱ አስርና ከዛ በላይ አለ። እኔ ሰባትና ከዛ በታች አልኩ፣ አራት ያላልኩት ለጠረጴዛው መዝመም ብዬ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ከሆነ እኩል እንከፍላለን። ሁለታችንም ፈረምን።

ከዛ ነው ማስላት የጀመርነው። የመጀመሪያዎቹን 31 ለማግኘት ከ1997 ጀምሮ አስራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል፣ በዓመት ሁለት ማለት ነው። ጓደኛዬ ደረሰኙን አየት አድርጎ፣

"ማኪያቶ ያኔ ስንት ይገባ ይሆን?" አለ።